ሁለተኛው ምጣድ ሲሰካ የመጀመሪያው ለምን ይለግማል?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ሽምብጥ ተከራይቼ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። አንዱን ብቻ ስሰካ እንጀራው ዓይኑ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛውን ስጨምር ሁለቱም ይለግማሉ፣ አምፖሉም ይደበዝዛል። 10ኛ ክፍል ያለው ልጄ ደግሞ ‹በፓራለል የተያያዘ ነገር ሁሉ እኩል ቮልቴጅ ያገኛል፣ አንዱ ሌላውን አይነካውም ተብለን ተምረናል› እያለ ይሟገተኛል። ሬዚስታንስ ሲጨመር ጠቅላላው ይቀንሳል ይላል ደግሞ። መጨመር እንዴት መቀነስ ይሆናል? ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ልጅሽ የተማረውን አልሳተም፣ አንቺም በዓይንሽ ያየሽውን አልተሳሳትሽም። ያጣላችሁ አንድ የተረሳ ገመድ ነው። እሱ ጋ እስክንደርስ ትንሽ ታገሺኝ፣ ልጅሽንም ጥሪውና አብሮሽ ያንብብ። አንቺ ማለቴን በድፍረት አትቁጠሪብኝ፤ እዚሁ ከተማ የቤት መስመር ስዘረጋና ስጠግን ነው የኖርኩት፣ የእንጀራ ጋጋሪ ቤት ደግሞ ዘመድ ቤት ሆኖብኛል።

መጀመሪያ ቃላቱን እናስተካክል። ቮልቴጅ የሚገፋው ነው። ከረንት የሚሄደው ነው። ሬዚስታንስ የሚይዘው ነው። ቮልቴጅ በቮልት፣ ከረንት በአምፔር፣ ሬዚስታንስ በኦም ይለካል። ቮልቴጁን ለሬዚስታንሱ ስታካፍይው ከረንቱ ይወጣል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያወጣው ሕግ ይኸው ነው፣ ከዚህ አይረዝምም።

ወደ ምጣድሽ እናምጣው። ምጣዱ 3,500 ዋት ነው ብለን እንነሳ። ውስጡ ያለው ጥቅልል ሽቦ እንግዲህ ወደ 14 ኦም ይሆናል። 220 ቮልት ለ14 ሲካፈል 15.7 አምፔር። ባለ 60 ዋት የክር አምፖል ግን 800 ኦም ገደማ ነው፤ የሚስበው ሩብ አምፔር ቢሆን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ምጣድ ጉልበተኛ ስለሆነ ሬዚስታንሱም ትልቅ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምጣዱ ብዙ የሚያግለው ትንሽ ስለሚይዝ ነው፤ ብዙ ከረንት ያሳልፋል፣ ስለዚህ ይግላል። ይህቺን ነገር ልጅሽ በደንብ ይያዛት፣ ፈተና ላይ ትመጣለች።

አሁን ፓራለል ወደሚባለው። ቤትሽ ሁለት ሽቦ ይገባል፣ ፌዝና ኒውትራል። ምጣዱም፣ አምፖሉም፣ ፍሪጁም አንድ እግሩ ፌዙን፣ ሌላ እግሩ ኒውትራሉን ይረግጣል። ሁሉም የረገጡት ያንኑ ሁለት ቦታ ስለሆነ በእግራቸው መሃል ያለው ቮልቴጅ አንድ ነው። ሕጉ ይሄ ነው። ተከታታይ ቢሆን ኖሮማ፣ ማለትም ያው ከረንት አንዱን አልፎ ወደ ሌላው የሚሄድ ቢሆን፣ እንደ ድሮው የገና ዛፍ መብራት አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ድርግም ይል ነበር።

እኛ ጣና ዳር ላለን ሰዎች ይሄን ለማየት መጽሐፍ አያስፈልግም፣ ሐይቁ ራሱ ያሳየናል። ከጣና ውሃ የሚወጣበት ትልልቅ በር ሁለት ነው። አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ጨረጨራ ነው። ዓባይ ሆኖ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርዳል፣ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው የኃይል ማመንጫዎች እዚያ ናቸው። ሌላው በምዕራቡ ዳር በቁንዝላ በኩል ነው። ውሃው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይሄድና ከ300 ሜትር በላይ ወርዶ የጣና በለስን ተርባይኖች ያዞራል፤ ይሄ እንኳ የቅርብ ነው፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 460 ሜጋ ዋቱ። ከተርባይን የወጣው በለስ ወንዝ ውስጥ ይገባል። በለስም ዞሮ ዞሮ ቤኒሻንጉል ላይ ዓባይን ያገኘዋል።

አየሽው? ሁለቱም መንገድ የሚነሳው ከአንድ ሐይቅ ነው፣ የሚያበቃውም አንድ ወንዝ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ውሃ በድንጋይ እየተንከባለለ ቢሄድ፣ ሌላው በዋሻ አልፎ በአንዴ ቢዘል፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ የወረዱት ከፍታ አንድ ነው። የሜትር ልዩነት የለውም። ከፍታው ቮልቴጅ ነው። በየመንገዱ የሚሄደው የውሃ መጠን ግን እኩል መሆን የለበትም፤ እንደ በሩ ስፋት ነው። እሱ ከረንት ነው። ከሐይቁ በሁለቱ በሮች የወጣው ጠቅላላ ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው፣ ከየትም አይጨመርም፣ የትም አይጠፋም። (ትነቱንና መስኖውን ለጊዜው ተይልኝ፤ ሽቦ አይተንም።) ይሄን የድምር ነገር እ.ኤ.አ. በ1845 ሕግ አድርጎ ያስቀመጠው ኪርሆፍ ሲሆን ያኔ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። ልጅሽ ይሄን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል፣ ወይም ይናደድ ይሆናል።

በቁጥር ስናየው፣ ለአንዱ ምጣድ 15.7 አምፔር፣ ለሌላው 15.7፣ ለአምፖሏ ሩብ፤ በዋናው ሽቦ ላይ የሚያልፈው ሁሉም ተደምሮ 31.7 አካባቢ ነው። ቮልቴጁ የጋራ ነው፣ ከረንቱ የየግል ነው። ይሄን ቁጥር ለጊዜው ያዢልኝ፣ በኋላ ትንሽ ይወርዳል።

መጨመር እንዴት መቀነስ ይሆናል ላልሽው፣ ስሙ ነው ያሳሳተሽ። ሬዚስታንስ ሲባል እንቅፋት ይመስላል፣ እንቅፋት ላይ እንቅፋት ሲጨመር ደግሞ መብዛት ያለበት ይመስላል። ይሄ ለተከታታይ ልክ ነው። በፓራለል ግን የምትጨምሪው መንገድ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት የሆነውን አስቢ። ድልድይ ለብቻው ካየሽው መኪና የሚያዘገይ ነገር ነው፣ መስኩን ሁሉ ሞልቶ የሚሄድ የለም፣ በተራ ነው የሚታለፈው። ግን አሮጌው ድልድይ ላይ አዲሱ ሲጨመር ወደ ዓባይ ማዶ መሻገር ከበደ ወይስ ቀለለ? አዲሱ ጠባብ የእግረኛ ድልድይ እንኳ ቢሆን ትንሽ ያቀለው ነበር። ምንም ያህል ቢጠብ፣ መንገድ ከሆነ ያቀላል እንጂ አያከብድም።

ሁለት ባለ 14 ኦም ምጣድ በፓራለል 7 ኦም ነው። ሦስት ቢሆኑ 4.7። ምጣዱ ላይ ባለ 800 ኦሟን አምፖል ብትጨምሪ እንኳ 14 የነበረው 13.8 ይሆናል፤ አየሽ፣ 800 ጨምረሽ ቀነሰ። የሒሳቡ አሠራር፣ ለእያንዳንዱ 1ን ለሬዚስታንሱ ማካፈል፣ መደመር፣ ከዚያ 1ን ለድምሩ ማካፈል ነው። ተማሪዎች የመጨረሻዋን ማካፈል ይረሱና ለሁለቱ ምጣድ 7 በማለት ፈንታ 0.14 ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ከትንሹ ሬዚስታንስ ማነስ አለበት፣ ግን ያለ ቅጥ ካነሰ አንድ ነገር ተረስቷል።

እስካሁን የልጅሽ ወገን ነበርኩ። አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅሽ የተማረው ሥዕል ላይ ባትሪው እዚህ አለ፣ አምፖሎቹ እዚያ አሉ፣ መሃል ላይ ያለው መስመር በእርሳስ የተሠመረ ነው። የእርሳስ መስመር ሬዚስታንስ የለውም። የአንቺ ቤት ገመድ ግን አለው። ልክ እንደ ምጣዱ ጥቅልል ሽቦ እሱም የሚይዝ ነገር ነው፣ በጣም ትንሽ ይሁን እንጂ። እና ይሄ ገመድ ከምጣዶቹ ጋር በፓራለል አይደለም። ከፊታቸው ነው። ከሁሉም ጋር በተከታታይ ነው።

በግቢ ኪራይ ቤት የማየው ነገር ይሄ ነው፣ ቆጣሪው ከፊት ባለቤቱ ቤት አለ፣ ተከራዩ ጓሮ ነው፣ አንድ ባለ 2.5 ገመድ (የመዳቡ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው) በጣሪያ ሥር ተስቦ እስከ ጓሮ ይሄዳል፣ ሁሉም ነገር ከሱ ላይ ይቀጠላል። የአንቺም እንዲህ ነው ብዬ ላስላው። ከቆጣሪው እስከ ምጣድሽ 40 ሜትር ነው እንበል። ከረንት ሄዶ ስለሚመለስ 80 ሜትር መዳብ ነው። ባለ 2.5 መዳብ በዚህ ርዝመት 0.56 ኦም ይይዛል። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለውን አሉሚኒየም 0.22 እንበለው። መጋጠሚያዎቹን ጨምረን ክብ እናድርገውና 0.8 ኦም ይሁን። ከ14 አንጻር ምንም አይመስልም አይደል?

አንድ ምጣድ ሰካሽ። ፖሉ ላይ 220 አለ። መንገዱ 14 ሲደመር 0.8 ነው፣ 14.8። ከረንቱ 14.9 አምፔር ይሆናል። ይሄ ከረንት በገመዱ ሲያልፍ 0.8 ጊዜ 14.9፣ ወደ 12 ቮልት እዚያው ይቀራል። ለምጣዱ የሚደርሰው 208 ነው። ይጋግራል፣ ምንም አይልም።

ሁለተኛውን ሰካሽ። አሁን ምጣዶቹ አንድ ላይ 7 ኦም ናቸው፣ ገመዱ ግን ያው 0.8 ነው። ከረንቱ 28 አምፔር አለፈ። በገመዱ ላይ የቀረው ከ22 ቮልት በላይ ሆነ። ምጣዶቹ ጋ የደረሰው 197። የመጀመሪያው ምጣድ ማንም ሳይነካው ከ208 ወደ 197 ወረደ። ልጅሽ «እኩል ቮልቴጅ ያገኛሉ» ያለው አሁንም ልክ ነው፣ ሁለቱም እኩል 197 አገኙ፣ አምፖሏም 197 አገኘች። እኩል ናቸው። እኩል ተጎዱ። ፓራለል እኩልነትን እንጂ 220ን ቃል አልገባም።

በሐይቁ ምሳሌ ካየሽው፣ ሁሉም በር የሚያየው የሐይቁ ከፍታ እኩል ነው፣ ግን የሚወጣው ሲበዛ ሐይቁ ራሱ ሊወርድ ይችላል። በ1995 ዓ.ም. ድርቁም ለተርባይን የተለቀቀው ውሃም ተደማምሮ ጣና በጣም ወርዶ ጀልባዎች ለወራት ተቸግረው ነበር። የዘጌ ሰው ያስታውሰዋል።

ለእንጀራው ይሄ ምን ማለት ነው? የምጣድ ሙቀት በቮልቴጁ ልክ አይወርድም፣ በቮልቴጁ ጊዜ ራሱ ነው የሚወርደው። 220 ላይ ወደ 3,450 ዋት የሚሰጠው ምጣድ፣ 208 ላይ 3,090 ገደማ፣ 197 ላይ 2,780 ይሆናል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሰክቶ ፖሉ ላይ ያለው ራሱ 205 ቢሆን፣ የአንቺ ሁለት ምጣዶች 184 ቮልት ያገኛሉ፣ እያንዳንዱም 2,400 ዋት። ከተጻፈበት ላይ ሲሦው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሊጡን አዙረሽ ትከድኚያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፣ ዓይኑ ፈዝዞ ይወጣል፣ እስኪበስል ስትጠብቂ ጠርዙ ይደርቃል። ጥፋቱን ሊጡ ላይ ትጥያለሽ። አብሲቱ ቀጥኖ ይሆን ትያለሽ። ስንት ጋጋሪ እርሾዋን ስትረግም ሰምቻለሁ፣ ጥፋተኛው ጣሪያ ሥር ተንጋሎ እያለ።

አምፖሉ የደበዘዘው የክር አምፖል ስለሆነ መሰለኝ። የክር አምፖል ብርሃኑ ከቮልቴጁ ይበልጥ ነው የሚወድቀው፣ ጥቂት ቮልት ሲቀነስበት ወዲያው ይቀላል። ኤልኢዲ ብታደርጊው ላይደበዝዝ ይችላል። ግን አንዳንዱ ሰው አምፖል ቀይሮ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ያ ጠቋሚሽን መስበር ነው።

ሌላም አለ። ከምጣዱ የቀነሰው ኃይል ሁሉ ጠፍቶ አልቀረም፣ ከፊሉ ገመዱን እያሞቀው ነው። አንድ ምጣድ ሲሰካ ገመዱ ላይ 177 ዋት ይቃጠላል። ሁለት ሲሆን 636። ከረንቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ፣ የገመዱ ሙቀት ሦስት ተኩል እጥፍ ዘለለ። ከዚህ ውስጥ ከቆጣሪው ወዲህ ባለው ገመድ ላይ የሚቃጠለው 440 ዋት ገደማ ከካርድሽ ላይ ይቆረጣል። ጣሪያውን ለማሞቅ እየከፈልሽ ነው ማለት ነው።

እና እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ። ለባለ 2.5 ገመድ የሚገባው ብሬከር ባለ 20 አምፔር ነው። በ28 አምፔር ወዲያው ባይወድቅም ሙሉ ቀን ሊታገስሽ አይገባም። አንቺ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ነው የምትጋግሪው። ስለ ብሬከር መውደቅ ምንም አላልሽም። ስለዚህ ሳጥኑን ከፍተሽ ሳይሆን ከፊት ሆነሽ የብሬከሩን ቁጥር አንብቢው። 32 ወይም 40 የሚል ከሆነ ከአንቺ በፊት አንድ ሰው «ይሄ ብሬከር እየወደቀ አስቸገረ» ብሎ ቀይሮታል። ብሬከር ገመዱን እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ነው፣ በእንቅልፋም ዘበኛ ሲቀየር ሌሊቱ ሰላም ይመስላል። አንድ ግቢ ገብቼ ያየሁት አይረሳኝም፣ ብሬከሩ 40 ተደርጎ፣ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሽቦዎች ልባሳቸው ቀልጦ እንደ ተልባ ተጣብቀው፣ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ብቻ ነበር መዳብ ከመዳብ ሳይነካካ የቀረው። ቢነካኩ ኮንታክት ነው። ኮንታክት ማለትም እኮ ፓራለል ነው፤ ዜሮ ኦም የሚጠጋ መንገድ በድንገት ሲጨመር፣ ከረንቱ በብዙ መቶ አምፔር ይሮጣል።

ስታብላይዘር ልግዛ እንዳትይ ብቻ። ለእንዲህ ያለ ችግር ስታብላይዘር መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። 197ን 220 የሚያደርገው ከዚያው ከቀጭኑ ገመድ ተጨማሪ ከረንት ስቦ ነው። ገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ይብስበታል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ አምፖሏና ፍሪጁም አብረው ይከፍላሉ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ያ የጋራ ገመድ ነው መለወጥ ያለበት። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ያለው ባለ 6 ቢሆን 0.56 የነበረው 0.23 ይሆናል። ሁለቱም ምጣድ ተሰክቶ 206 ቮልት ይደርሳቸዋል፣ አሁን አንዱ ብቻውን ሲሠራ ከሚያገኘው ብዙም አይርቅም። ሌላው መንገድ ለየምጣዱ የራሱን ባለ 2.5 ገመድ ከራሱ ባለ 20 ብሬከር ጋር ከቆጣሪው አጠገብ መሳብ ነው። ይሄኛው ለእኔ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ምጣዶቹን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ፓራለል አደረግሽው። ምጣዶቹ 205 ገደማ ያገኛሉ፣ አምፖሏ በሦስተኛ መስመር ከሆነች 213 አካባቢ ታገኛለች፣ የምጣዱን መሰካት እምብዛም አታውቀውም። አንዱ ሌላውን የሚነካው በሚጋሩት ገመድ ርዝመት ልክ ነው። የሚጋሩትን ሬዚስታንስ ባሳጠርሽ ቁጥር የልጅሽ ሕግ እውነት እየሆነ ይመጣል።

በሁለቱም መንገድ ቆጣሪውና ከፖል የመጣው መስመር 30 አምፔር ገደማ መቻል አለባቸው። ቆጣሪው የሚችለው ፊቱ ላይ ተጽፏል። የመስመሩን ሥራ ለባለሙያ ስጪው፣ ባለቤቱንም አስፈቅጂ፤ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለውን የእናንተው ሽምግልና ይፍታው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ለኪ። ልጅሽ የሚለካው ቢሆን ይመረጣል፣ የፊዚክስ ማርኩን እዚሁ ያገኘዋል። ርካሽ መልቲሜትር ይበቃል። መዘውሩ የተለዋዋጭ ቮልት ምልክት ያለበት ትልቁ ቁጥር ላይ ይሁን። ጣት የመለኪያውን ብረት መንካት የለበትም። ባዶ ሶኬት ላይ፣ መጀመሪያ ምንም ሳይሰካ፣ ከዚያ አንድ ምጣድ ሲሰካ፣ ከዚያ ሁለት ሲሰካ ቁጥሩን ይጻፍ። ሦስት ቁጥር። መዘውሩ አምፔር ላይ ሆኖ ሶኬት ውስጥ በፍጹም እንዳያስገባው። አምፔር ላይ ያለ መለኪያ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሶኬት ውስጥ ከገባ በራሱ እጅ ኮንታክት ሠራ ማለት ነው። በእኔ ተማሪዎች እጅ ስንት መለኪያ ጠቁሮ ቀርቷል።

ከዚያ ያንኑ ፈተና ቆጣሪው አጠገብ ያለ የባለቤቱ ሶኬት ላይ ይድገመው፣ የአንቺ ምጣዶች እየሠሩ። እዚያ ቁጥሩ ብዙም ካልወረደ ጥፋቱ የጓሮው ገመድ ነው። እዚያም አብሮ ከወረደ ከፖል የመጣው መስመር ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው፣ ያ ደግሞ የአንቺ ገንዘብ የሚፈታው አይደለም፣ ማመልከቻ ነው።

በመሃልም የምጣዶቹን ሶኬትና ስፒና ተመልከቺ። ነቅለሽ፣ ቆይተሽ። ቡናማ የሆነ፣ የተጨማደደ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ካለ እሱም አንድ ትንሽ ምጣድ ነው። የላላ መጋጠሚያ 0.3 ኦም ብቻ ቢይዝና 25 አምፔር ቢያልፍበት ወደ 190 ዋት ሙቀት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ያርፋል። በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያም ካለ እዚያው ነው ቀድሞ የሚነደው። ሁለት ምጣድ አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽ ከሆነ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ሳትጨርሺ ሄደሽ አንዱን ንቀይ።

አንድ ለየት ያለ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። ምጣድ ሲሰካ አምፖል ቢደበዝዝ ገመድ ነው፣ አየነው። የጎረቤት ምጣድ ሲሰካ የአንቺ አምፖል ቢደምቅስ? ያኔ ዋናውን አጥፊና ሰው ጥሪ። በግቢው ሦስት ፌዝ ገብቶ ለየቤቱ ተከፋፍሎ ከሆነ የሁሉም ኒውትራል አንድ ነው። ያ ኒውትራል ከፖሉ በኩል ቢበጠስ ቤቶቹ ፓራለል መሆናቸው ያበቃል፤ የአንዱ ቤት ምጣድና የሌላው ቤት ቴሌቪዥን በሁለት ፌዝ መሃል በተከታታይ ይሰለፋሉ፣ በመሃላቸው 380 ቮልት ይዘው። በተከታታይ ደግሞ ትልቁን ቮልቴጅ የሚወስደው ሬዚስታንሱ የበዛው ነው። አንዱ ቤት 14 ኦም ምጣድ፣ ሌላው ቤት ቴሌቪዥንና አምፖል ተደምሮ 150 ኦም ቢሆን፣ ምጣዱ 32 ቮልት ይደርሰዋል፣ ቴሌቪዥኑ 348። ጋጋሪዋ «መብራቱ ደከመ» ትላለች፣ ጎረቤቷ ጭስ ታያለች። ዓባይ ማዶ አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ከሰዓት ሁለት ፍሪጅና አንድ ቴሌቪዥን እንዲህ ሲሄዱ ደርሼ ነበር፤ ሁሉም ሰው «ኃይል በዝቶ መጣ» እያለ ነበር፣ የበዛ ነገር አልነበረም፣ ፖሉ ላይ አንድ የኒውትራል ማሰሪያ ዝጎ ተበጥሶ ነው።

አንቺ የነገርሽኝ ግን መደብዘዝ ነው፣ ስለዚህ ወደዚያ አልወስድሽም። ሦስቱን ቁጥር ከጓሮ፣ ሦስቱን ከቆጣሪው በኩል፣ ብሬከሩ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ገመዱ ላይ የተጻፈውን፣ እና ከቆጣሪ እስከ ምጣድ በእርምጃ ስንት እንደሆነ ጽፈሽ መልሺልኝ። ልጅሽ ደግሞ እኔ ቁጥሩን ሳላየው የገመዱን ሬዚስታንስ ራሱ አስልቶ ይላከው። ምንም ሳይሰካ የነበረው ቮልት ላይ አንድ ምጣድ ሲሰካ ያለውን ይቀንስ፣ የምጣዱን ከረንት ከቮልቱና ከ14 ያውጣ፣ ከዚያ ያካፍል። 0.8 አካባቢ ከመጣ ግምቴ ልክ ነበር። ከ1 ካለፈ መንገድ ላይ የላላ መጋጠሚያ ሊኖር ይችላል፣ ሌላውን ምጣድ እስክንነጋገር አትስኪው።